ወደ ውጭ ያበጠው መስታወት

ድንጋዩ የተገኘው ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ነው። ቡጢ ያክላል። አንድ ጎኑ ኖራ ተቀብቷል።

ባለ ሁለት ወንበሯ ቀይ የስፖርት መኪና ከኦቾሎ መንደር በታች አስፋልቱ ዳር ቆማለች። የፊት መስታወቷ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቷ ተስፋጽዮን ለሳጅን ክብሩ ጣቱን ቀስሮ አሳየው።

"ያ ሸማኔ ነው የወረወረው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ሸማኔው አጵሎስ እዚያው መንገዱ ዳር፣ ከራሱ ማንጎ ዛፎች ሥር ጋቢ ይሸጣል። ሳጅኑ መጀመሪያ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ያፈናጠረው ድንጋይ መስሎት ነበር። ነገር ግን የአጵሎስ ማሳ ድንበር ኖራ በተቀቡ ድንጋዮች የተከለለ ነው፤ አንዱ ተነቅሎ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ማን ይጠረጠራል?

"ወርውረሃል?"

"አልወረወርኩም።"

"ታዲያ ድንጋይህ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?"

"የወሰደውን ሰው ጠይቁት።"

አጵሎስ ታሰረ።

በማግስቱ መኪናዋ ተጎትታ ሲቀላ ሰፈር፣ ቀመሪያ ሱቅ ደረሰች። ቀመሪያ የመኪና መስታወት ትሸጣለች፣ በገዛ እጇም ትገጥማለች። ሰው አትፈራም።

"ሦስት ዓይነት አለ" አለችው ተስፋጽዮንን። "ኦሪጅናሉ ከአዲስ አበባ በአራት ቀን ይደርሳል። የቻይናው እዚሁ አለ፤ ግን መንገዱን አጣሞ ያሳያል። ሌላው ከተገለበጠ መኪና የወጣ ነው፤ ጫፉ ተጭሯል።"

"ያለውን ግጠሚ። ዛሬውኑ። አሮጌውን አድቅቀሽ ጣይው።"

ቀመሪያ ቀና ብላ አየችው። ባለፈው ወር ይህ ሰው ለዝናብ መጥረጊያ ጎማ ብቻ ሦስት ጊዜ አመላልሷታል። ዛሬ ለፊት መስታወት አይመርጥም?

መስታወቱን በመዳፏ ዳበሰችው። ከውጭ ስንጥቅ እንጂ የተመታ ቦታ የለም። ከውስጥ ግን መሃሉ ተፈርፍሯል፤ ጣቷን ቧጨራት። ደግሞም ወደ ውጭ አብጧል። የፊት መስታወት ድርብ ነው፤ መሃሉ ላይ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ አልተቀደደም። ታዲያ ድንጋዩ በየት በኩል ገባ?

"አልገጥምም" አለች። "አሮጌውንም አላደቅም። ሳጅኑ ይየው።"

የተስፋጽዮን ፊት ተለዋወጠ። "ይህ ሱቅ የአጎቴ ቤት መሆኑን ረሳሽው? ነገ ትወጫለሽ!"

"እወጣለሁ። መስታወቱን ይዤ ነው የምወጣው።"

በሩን አላትሞ ሄደ። ቀመሪያ ሳጅኑ ጋ ደወለች።

"አሁን አይሆንም እትዬ፤ ሽማግሌ ተቀምጧል" አላት። "ሊታረቁ ነው።"

መስታወቱን ከነስንጥቁ አወጣችው። በጋቢ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ጫነችው።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ እርጥብ ሣር ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ አጵሎስና ተስፋጽዮን ፊታቸው ቆመዋል። የአጵሎስ ሚስት ጌጤ ሕፃኗን አቅፋ አጥሩ ሥር ቆማለች።

"ልጄ፣ ወረወርኩ በል" አሉት ጋሽ ማርቆስ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ። "ተስፋጽዮንም ስለ ካሳው ማሳውን ይልቀቅልኝ ብሏል። ዛሬ ቤትህ ትገባለህ።"

"ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ በእናንተ ፊት አልዋሽም። ጎሜ ነው፤ ኃጢአቱ ለልጄ ይተርፋል። እሰሩኝ።"

ቀመሪያ የገባችው ይሄኔ ነው። መስታወቱን ሽማግሌዎቹ ፊት መሬት ላይ አጋደመችው።

"ሳጅን፣ ዳብሰው። በዚህ በኩል ያለው ውጩ ነው።"

ሳጅኑ ውጩን ዳበሰ። ገልብጦ ውስጡን ዳበሰ። እጁን ሳብ አደረገ፤ ጣቱ ደምቷል።

"የተመታው ከውስጥ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"አጵሎስ ታዲያ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር?" አለች ቀመሪያ።

ሳጅኑ ወደ ተስፋጽዮን ዞረ። "ከጎንህ ማን ነበር?"

"ማንም።"

"መስኮቱስ?"

"ዝግ ነበር።"

"ድንጋዩን ከማሳው ማን ነቀለው?"

ተስፋጽዮን ገነፈለ። "ሦስት ዓመት ለመንኩት! ከዚያ ማሳ ላይ አባያ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ሎጅ እሠራለሁ፣ ሽጥልኝ አልኩት። እምቢ አለኝ። ሸማኔ እኔን እምቢ አለኝ!"

ጌጤ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ማርቆስ ሣሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አፍረዋል።

"ኦሪጅናሉን ልዘዝልህ?" አለች ቀመሪያ ተስፋጽዮንን። "አሁን እንኳ ጊዜ አለህ።"

"ልጄ" አሉ ሽማግሌው ወደ አጵሎስ ዞረው፣ "እሱ ይቅርታ ቢጠይቅህ ትቀበላለህ?"

"መጀመሪያ ድንጋዬን በገዛ እጁ ቦታው ይመልስ።"

"ፍርድ ቤት እስኪጨርስ ድንጋዩ ኤግዚቢት ነው፤ እኛ ጋ ይቆያል" አለ ሳጅኑ።

"እጠብቃለሁ" አለ አጵሎስ። "ጉድጓዱን አልደፍነውም።"