ያለ ተጋጣሚ ሩር አይመታም

ልጆቼ፣ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። የሰማሁት ቢሆንማ ለሰሚው በተውኩት። ያላመነ ቢቸና ይሂድና የገናውን ሜዳ ይርገጥ።

ጥር 1970 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ፀሐይ ነበረች። ጨለማ ቢሆን ኖሮ እኔም ዓይኔን አላምነውም ነበር።

እህቴ ሀብትነሽ ሞጣ ላይ ለአንድ የመንገድ ቀያሽ ፈረንጅ ወጥ ትሠራ ነበር። ግርግሩ ሲበዛ ፈረንጁ አገሩ ገባ። ቀደም ብሎ ያዘዘው ሣጥን ግን እሱ ከሄደ በኋላ በእሷ ስም ቢቸና ደረሰ። ልትወስድ መጣች...

እዚያው ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ያዟት።

ሣጥኑ ሲከፈት ሰባት የብረት ዘንግ ወጣ። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ እንደ ገና ዱላችን ቆልመም ያለ። በየጫፉ ቁጥር ተቀርጿል።

ካድሬው፣ ጓድ አካለ ወልድ፣ አንድ በአንድ አነበበው።

"ሦስት... አራት... አምስት... እስከ ዘጠኝ። አንድና ሁለትስ?"

"እኔ እንጃ ጓድ፤ እንዲሁ ነው የመጣው" አለች ሀብትነሽ።

"ለማን ሰጠሻቸው?"

"ኧረ ለማንም! ፈረንጁ ኳስ ይመታበታል። ጎልፍ ነው የሚለው።"

"የሬዲዮ አንቴና ነው እንጂ! ነገ ጠዋት በመኪናው ትሄጃለሽ።"

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

እንዴት እንደተናገርኩ እንጃ፣ ብቻ ከተሰበሰበው ሰው መሐል ወጣሁና "ጨዋታ መሆኑን ባሳይስ?" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ማነህ?"

"ስማቸው እባላለሁ፤ ወንድሟ ነኝ። ገና ስጫወት ነው ያደግሁት።"

"ካቃተህ አብረሃት ትጫናለህ።"

"እሺ። ከሆነልኝ ግን ዛሬውኑ ትፈታታለህ። ሰው ሁሉ ይስማ!"

ሳቀ። "ይሁን" አለ።

ሀብትነሽን እጇን እንዳሰሩ ይዘዋት ወደ ገናው ሜዳ ሄድን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በዚያ ዓመት በገና ዕለት ማንም አልረገጠውም። ከማዶው ጉብታ ጀርባ፣ ኅዳር ላይ፣ አፈር ተቆፍሮ አድሯል። እነማን እንደተቀበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆቻችን ናቸው። ማልቀስ ግን ክልክል ነበር። እናቶች ነጠላቸውን ነክሰው ከረሙ።

አያ ፋንታ፣ የገና አለቃችን የነበሩት ሽማግሌ፣ ከወይራ የተጠረበች ሩር፣ የገና ኳሳችንን፣ ይዘው መጡ። አንድ ልጃቸው ከጉብታው ጀርባ ነው።

ሩሯን ሣሩ ላይ አስቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ስማቸው... ተጣራ እንጂ።"

"ማንን አያ?"

"ያለ ተጋጣሚ ሩር አይመታም። ልማዱ ጠፋህ?"

አልጠፋኝም። በእኛ ዘንድ ተጋጣሚ ሳይጠራ የመታ ነውረኛ ነው። እኔ ግን ካድሬውን ላናድደው ብዬ፣ ድምፄን ወደ ጉብታው ለቀቅኩት።

"ወንድ ያለህ... ውጣና ግጠመኝ!"

ምነው ባልጠራሁ... አልልም። እስከ ዛሬም አልልም።

ሰባት ቁጥሩን አነሳሁ። መያዣው አዲስ ጎማ ጎማ ይሸታል። የመጀመሪያውን ስቼ መሬት ቧጨርኩ። ካድሬው ከት ብሎ ሳቀ።

"አንቴና አላልኩም?"

ደግሜ ሰነዘርኩ።

ቃ!

ሩሯ እንደ ወፍ ተነስታ ከጉብታው ማዶ ገባች። እንዲያ ያለ ምት በዕድሜዬ መትቼ አላውቅም።

ስትወድቅ ግን ድምፅ አልሰማንም።

ቆየን...

ከማዶ "ቋ" አለ። የብረት ድምፅ አይደለም። የእንጨት ዱላ ነው።

ሩሯ ጉብታውን ተሻግራ፣ እየተንከባለለች፣ እግሬ ሥር ቆመች።

አነሳኋት። ርጥብ ናት። በጥር... ጠብታ ውሃ በሌለበት አገር።

"ማነው እዚያ?" አለ ካድሬው። ሳቁ ጠፍቷል።

"ተጋጣሚ ነዋ" አልኩት።

ዘጠኝ ቁጥሩን አነሳሁና መታሁ። ቃ! አሁንም ሳትወድቅ... "ቋ"። ተመለሰች። ከኋላዋ የብዙ ሰው እግር ድምፅ ይሰማል። ዱብ ዱብ ዱብ... ሩር እንደሚያባርር ሰው።

ጉብታው አናት ላይ ግን ማንም የለም።

"ሂዱና አምጡልኝ!" ብሎ ካድሬው በሁለቱ ጠባቂዎች ላይ ጮኸ።

"እዚያማ አንሄድም ጓድ" አለ አንደኛው በሹክሹክታ። "ማን እንዳለ ራስዎ ያውቁታል።"

ያኔ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ተነሳ። ፍርሃት አልነበረም።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" አልኩት ፊት ለፊት። "ወንድ ከሆንክ አንተው ሂድ። ለታሰረ ሰው ብቻ ነው እንዴ ጉልበትህ?"

ሽጉጡን መዘዘ። በእኔ ላይ መስሎኝ ነበር። ወደ ጉብታው ሄደ። ወጣ... ወረደ... ተሰወረ።

ጥይት አልተተኮሰም። ጩኸት አልነበረም። የእግሩ ድምፅ ግን ቀጥ አለ።

ከዚያ ተመለሰ። ቆቡን በእጁ ይዟል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። ሽጉጡ የለም። ፊቱ ሰላማዊ ነው... ያ ነው ያስፈራኝ።

"ፍቷት" አለ።

"ምን አዩ ጓድ?" አለው ጠባቂው።

"አንድ ሰው ጎድሎናል አሉኝ።"



ሀብትነሽ እጇ እንደተፈታ አያ ፋንታን በክንዳቸው ያዘቻቸው።

"ይምጡ፣ ልጅዎን እናልቅስለት።"

ጉብታውን ወጥተው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክልክሉን ለቅሶ ለቀቁት። ጠባቂዎቹ ቆባቸውን አወለቁ። ማንም አልከለከለም።

እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ከጉብታው ጀርባ አፈሩ ለስላሳ ነው። የባዶ እግር ዱካ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ፣ ጣቱን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል፤ ጨዋታ እንደሚጠብቅ ሰው። መሐል ላይ አንድ ቦታ ክፍት ነበር።

ክፍቱ ቦታ ላይ የካድሬው የቦት ጫማ ዱካ አለ። ከሜዳው መጥቶ፣ ዞሮ፣ ጫፉን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል።

የሚመለስ ዱካ ፈለግሁ።

የለም።

ቀና ብዬ ወደ ሜዳው አየሁ። ካድሬው ብቻውን ቆሟል። ጎንበስ ብሎ፣ ዱላ እንደጨበጠ ሰው ባዶ እጆቹን አጋጥሞ... ወደ ጉብታው ያያል።