ንጹሕ ሆድ ፍለጋ

ደራሹ ጎርፍ ከመታጠፊያው እየጓጎረ ብቅ ሲል ተመራማሪዋ እስከ ወገቧ ወንዙ ውስጥ ነበረች።

«ሳጥኑን ልቀቂው!» ብሎ ጮኸ የእህቷ ባል ከማዶ።

እሷ የለቀቀችው የልብስ ሻንጣዋን ነው። የብርጭቆ ጠርሙሶቿን የያዘውን ሳጥን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ዳር ስትዘል በአፍ ጢሟ ተደፋች። ሰውዬው አንገትጌዋን ይዞ ጎትቶ አወጣት።

አመሰገነችው፤ ሆዷ ግን ሻከረ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሐል ለምን ሳጥኑን አለ? ተራራውን እንደ ጓሮው ቢያውቀውም፣ ደመወዙን የሚበላው ሐይቁ ዳር ካለው የፕላስቲክ ገመድ ፋብሪካ ነው፤ የበሩ ጠባቂ ነው። ሊነሱ ሲሉም ከፋብሪካው ኬሚስት ጋር ግድግዳ ተከልሎ ሲንሾካሾክ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች።

የሚሄዱት ከገደሉ በላይ፣ ሰው ወዳልሰፈረበት ምንጭ ነው። ከታች ሐይቁ ላይ የአባቷ መረብ ባዶውን መውጣት ከጀመረ ሰነባብቷል። ትንንሾቹ ዓሦች የሚመገቧት የውሃ ቁንጫ፣ ይህች በዓይን የማትሞላ ፍጥረት፣ ከፋብሪካው የሚፈሰውን የፕላስቲክ ብናኝ እየዋጠች ሆዷ ሞልቶ ትራባለች፤ እንቁላልም አትይዝም። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የሆዷ ጉድ በአጉሊ መነጽር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፋብሪካው ግን «የዚህ አካባቢ ቁንጫ ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ከምንጩ ሆዷ ንጹሕ የሆነች ቁንጫ በሕይወት ካላመጣች፣ አባቷ ጀልባቸውን ሸጠው ከሐይቁ መሰናበታቸው ነው።

ገደሉ አፋፍ ላይ በረዶ ወረደባቸው። የጥጥ ካፖርቷን ጎርፉ ወስዶታል። ጥርሷ ሲንገጫገጭ የእህቷ ባል ከቦርሳው ሰማያዊ ሹራብ አውጥቶ ወረወረላት። ቁጥቋጦውን ሲሰነጥቁ ደግሞ ግልገሎቿን ያስከተለች ከርከሮ ጥርሷን አግጣ መጣችባቸው።

«ዛፍ ላይ ውጪ!»

«አንተስ?»

«እኔን ተይኝ!»

በድስት ክዳን እያንኳኳና እየተሳደበ አባረራት። ተመራማሪዋ ቅርንጫፍ ላይ ሆና እንኳ ዓይኗን ከሳጥኑ አልነቀለችም።

ምንጩ ዘንድ ሲደርሱ ተንበርክካ ቀዳች። ጠርሙሱን አስቀምጣ አጉሊ መነጽሩን ስታወጣ የእህቷ ባል ጠርሙሱ አጠገብ ቆሞ ነበር። አየች፤ ደሟ ፈላ። አንዲት ቁንጫ በሰማያዊ ክር ተጠልፋ ትንፈራገጣለች።

«እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ! ምንድን ነው የጨመርክበት?»

«እኔ? አንቺ ልጅ፣ ብርዱ ናላሽን አዞረው እንዴ?»

ከድንጋዩ ጀርባ ኬሚስቱ እያለከለከ ብቅ አለ። ሰላምታም ሳይሰጥ አጎንብሶ አየ።

«ይኸው! ምንጩም ላይ አለ። አላልኩም?»

«በሌላው መንገድ እንዲመጣ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ የእህቷ ባል። «በዓይኑ ሳያይ መቼ ሊያምንሽ?»

ልትጮህበት እጇን አነሳች። ያኔ ከእርጥቡ እጅጌዋ ውሃ ጠብ አለ፤ ከውሃው ጋር ቀጭን ሰማያዊ ክር ወረደች። ሰው ሠራሽ ክርም ፕላስቲክ ነውና ናሙና ሲቀዳ ከጥጥ በቀር አይለበስም እያለች ተማሪዎቿን የምታሰለች እሷው ናት። ነፍሷን ለማዳን ስትል የለበሰችውን ዘንግታ ምንጩ ውስጥ እስከ ክርኗ ነክራዋለች። ዝም ብትል ጥፋቱ በሰውዬው ላይ እንደሚለጠፍ ገባት፤ አፈረች።

«ክሩ ከኔ ሹራብ ነው» አለች።

ኬሚስቱ ሳቀ። «አሁን ደግሞ ሹራብ መጣ?»

«ቆይና እይ።»

ሹራቡን አውልቃ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። እጇን እስከ ክርኗ አለቃልቃ፣ በስስ የጥጥ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠች ከፍ ብሎ ውሃው ከሚፈልቅበት ሥር ገባች። በአዲስ ጠርሙስ ቀድታ መጀመሪያ ለኬሚስቱ ሰጠችው።

ኬሚስቱ በመነጽሩ አየ፤ የቁንጫዋ ሆድ ንጹሕ ነበር።

«ጀርባዋ ላይ ያሉት ምንድን ናቸው?»

«እንቁላሎቿ።»

«የኛ የሐይቁ ቁንጫዎች የላቸውም» አለ፤ ቃሉ ካመለጠው በኋላ ከንፈሩን ነከሰ።

ቁልቁል ሲወርዱ «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለችው የእህቷን ባል።

«እህትሽም ያመነችኝ ስንት ዓመት ፈጅታ ነው» አለና ሳቀ።

ሐይቁ ዳር፣ አሥጋሪዎቹ ፊት ኬሚስቱ እያላበው ያየውን ተናገረ። የአባቷ ጀልባ ሳይሸጥ ቀረ። ሽማግሌው አባቷ ግን ገና አልጠገቡም፤ ሁለቱንም ጠርሙሶች ተራ በተራ በመነጽሩ አዩ።

«ይቺ የተጠለፈችውስ? ይሄም የፋብሪካው ሥራ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አይ አባዬ» አለች፣ «ይሄኛው የኔ ነው።»