ዝም ያለው ፍሬን

ኖሪን ፍሬኑን ረገጠች፤ መኪናው ግን መውረዱን ቀጠለ። ደግማ ረገጠች። ፔዳሉ ጠጠረባት እንጂ ፍጥነቱ አልቀነሰም። ቀዩ የጠጠር መንገድ የገደሉን ጥግ ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ መሃሉ ላይ አንድ የዱር ኮርማ አራት እግሩን አንፈራጦ ቆሟል።

«ያዢው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ባሏ ክላይቭ፣ የታመመ እግሩን ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ሰቀለ።

«ምኑን ልያዘው? አይይዝም!»

ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ መለሰች። ሞተሩ አጓራ። ክላክሱን ደበደበችው። ኮርማው ለሃጩን እያዝረበረበ አያት እንጂ ንቅንቅ አላለም። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ መሪውን ወደ ተራራው ጎን ጠመዘዘች፣ መኪናው የሰው ቁመት ያለው የምስጥ ኩይሳ ደርምሶ ቆመ። ኮርማው ያን ጊዜ ነው ተዝናንቶ ወደ ጫካው የገባው።

አቧራው ሳይረግብ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ዘይት፣ ትናንት የገጩት ካንጋሩ አንጀት የፊት ፓራውልቱ ላይ በፀሐይ ተጠብሶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከክላይቭ እግር ፋሻ ሥር የሚወጣው የበሰበሰ ሥጋ ሽታ። ዝንቡ ከዚያ እግር ተነስቶ ከንፈሯ ላይ ያርፋል። ኖሪን በሩን ከፍታ ወረደችና አስታወከች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች፤ እንደዛሬው ግን ተጸይፋው አታውቅም።

ዶክተሯ በወር አንድ ቀን በትንሽ አውሮፕላን ከወንዙ ማዶ ወዳለው የከብት እርባታ ትመጣለች። ቀኑ ዛሬ ነው፤ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ትነሳለች። አሁን አምስት ሊሆን ነው። ያ እግር ደግሞ ሌላ ወር የሚጠብቅ አይመስልም።

«ፍሬኑን ምን አደረግከው?» አለች አፏን እየጠረገች።

«አስተካከልኩት! ሲጮህ አልነበር? አሁን ይጮሃል?»

በዚያ አገር ለሚጮህ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከመጋዘኑ መደርደሪያ የሚነፋውን ዘይት አንስቶ ፍስስ ማድረግ። የበር ማጠፊያ ቢሆን፣ የውሃ ፓምፕ ቢሆን፣ የአልጋ ሽቦ ቢሆን። ክላይቭም እሑድ ዕለት ይህንኑ ዘይት የፊት ጎማዎቹ ፍሬን ላይ ነፍቶታል። ኖሪን ራሷ ጩኸቱ ሲቆም «ተመስገን፣ ጆሮዬ አረፈ» ብላ ነበር።

ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፣ መኪናውን በክሪክ አነሳች፣ ዳዶዎቹን ፈትታ ጎማውን አወረደች። ዲስኩ በዘይት ያብለጨልጫል። የፍሬኑ ሸራ አልቆ እንደ ብስኩት ሳስቷል፤ ዘይትና አቧራ ተቦክቶ ጥቁር አተላ ሆኖበታል። ከሸራው ጫፍ አንዲት ቀጭን ብረት ወጣ ብላለች።

«ይህቺን አየሃት? ሥራዋ መጮህ ነው። ሸራው አልቋል፣ ቀይሩልኝ እያለች ነበር። አንተ አፏን በዘይት ዘጋህ!»

«አስተማሪ ሆንሽብኝ ደግሞ።»

«የገዛኸው አዲስ ሸራ የታለ?»

ክላይቭ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ።

«አንተ ሰውዬ!»

«ከወንበሩ ሥር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልቀይረው ነበር፣ ኖር።»

ሳጥኑ አልተከፈተም። የፋሲካ ቸኮሌት ቀልጦ ተለጥፎበት ጉንዳን ወሮታል። አሁን ጥቅምት ነው። ጉንዳኑን በእጇ ጠረገች፤ መዳፏ ላይ ሲጨፈለቅ ዘገነናት።

«የሩም አረቄህን አምጣ።»

«የምን ሩም?»

«ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ የደበቅከውን።»

«ኖር፣ በፈጠረሽ! እሱ እኮ የልደቴ ነው!»

አመጣው፤ እያነከሰ። ዲስኩን መጀመሪያ በሳሙና አጠበችው፣ ቀጥላ ንጹሕ ጨርቅ ሩም እየነከረች ዘይቱ እስኪለቅ ድረስ ፈተገችው። ትልቁን ካቻቢቴ አሮጌው ሸራ ላይ አስደግፋ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ መለሰች፣ አዲሱን ሸራ አስገባች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች። ከዚያ ወደ ሌላው ጎማ ዞረች። ክላይቭ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠርሙሱ ሲጎድል እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ለኋላዎቹ ጎማዎች ጊዜ አልነበራትም።

ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ወረዱት፤ ፍሬኑ ያዘ። ወንዙ ላይኛው አገር በጣለው ዝናብ ሞልቶ፣ ያበጠች የአሳማ ሬሳ ይዞ ይወርዳል። ነድታ ስትገባበት ውሃው በበሩ ሥር እየሰረገ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ማዶ እንደ ወጣች ሸራው እንዲደርቅ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረገች ነዳች። ማኮብኮቢያው ጋ ሲደርሱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ዶክተሯ ሻንጣዋን እየጫነች ነው።

ሻንጣዋን መልሳ አወረደችና ፋሻውን ፈታች። ከሥሩ ለፈረስ ቁስል የሚቀባ ቅባት በወፍራሙ ተለስኗል፤ ከቅባቱ ሥር ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ኖሪን አፍንጫዋን ያዘች።

«ያምዎታል?» አለች ዶክተሯ።

«ድሮ ነበር። አሁንማ ምንም አይለኝ፤ እየዳነ ነው» አለ ክላይቭ ፈገግ ብሎ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ኖሪን አፍንጫዋን ለቀቀች። ክላይቭ ማቃሰቱን ያቆመው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያን ዕለትም «ተመስገን» ብላ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታለች። አሁን የተጸየፈችው እሱን ብቻ አልነበረም።

«ሁለቱ ጣቶች ይቆረጣሉ፤ እግሩን ግን እናተርፈዋለን» አለች ዶክተሯ። «ወር ብትቆዩ ኖሮ ከጉልበት በታች ነበር የምንቆርጠው።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ሲያስገቡት ክላይቭ አንገቱን አወጣ። «ኖር፣ ሩሙ ተርፏል?»

«ጠብታ አልቀረም።» በቅባት የተለወሰ እጁን ጨበጠችው፤ ቅባቱ ጣቶቿ ላይ ተለጠፈ፣ አልጠረገችውም። «ከእንግዲህ ስታቃስት እሰማሃለሁ። እንዳትደብቀኝ።»

ብቻዋን ተመለሰች። ወንዙን፣ ዳገቱን፣ የፈረሰውን ኩይሳ አልፋ፣ የቤቷ ጣሪያ ከሩቅ በሚታይበት የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ነካ አደረገች። ከኋላ ግራ ጎማ አንድ ቀጭን ጩኸት ወጣ። ድካሙ ወገቧን ይዟታል፤ ቤቱ እዚያው ነው።

«እሺ፣ ሰምቻለሁ» አለች። መኪናውን ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋችና ክሪኩን አወጣች።