እውነተኛው እንሞክራለን

«ምን አለች? ምን አለች?» የሩቲ እናት ጽጌ ስልኩን ለማየት ከልጇ ኋላ አንገቷን አሰገገች።

ሩቲ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «"ጊፍት ካርድ አልልክም፤ ሌላ ሞኝ ፈልጊ" አለች።»

«ጊፍት ካርድ? ጊፍት ካርድ ማን ጠየቃት?»

«ማንም! ጊፍት ካርድ ላኩ የሚሉት አጭበርባሪዎች ናቸው፣ ሌባ መስለናት ነው እማ። ብሎክ አደረገችን።»

«እኔን? ሌባ?» ጽጌ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምን አልኳት? ደህንነቷን ነው የጠየቅኳት!»

«እሱ ነዋ ችግሩ!»

እውነትም ችግሩ እሱ ነበር። ጽጌ ለጽዳት ሥራዋ አዲስ ደንበኛ የምትፈልገው በኢንስታግራምና በሰፈር ግሩፖች ሜሴጅ እየላከች ነው። እሷ በአማርኛ ታስጽፋለች፣ ሩቲ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። እና ጽጌ ሰላምታ ሳታደርስ ስለ ሥራ ከምታወራ ምላሷን ብትቆርጠው ይሻላታል። ስለዚህ ሜሴጁ ሁሉ «ውድ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቤተሰብሽ ሁሉ ደህና ነው? ጤናሽስ? ፈጣሪ ይባርክሽ» እያለ ነው የሚጀምረው። በአማርኛ ደስ ይላል። በእንግሊዝኛ፣ ያውም ከማይታወቅ ሰው ሲመጣ፣ የሞተ ልዑል ውርስ ላካፍልሽ ብሎ በኢሜይል የሚያጭበረብር ሰውዬ ነው የሚመስለው።

«ሰላም ሳይባል ሥራ ይጠየቃል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምንም አይልም። ብሎክ ያደርጋል።»

ማዶ ተቀምጣ የጽዳት ጨርቆች የምታጣጥፈዋ ያለምዘውድ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። የጽጌ ጓደኛም የሥራ ባልደረባም ናት። «ተያት ጽጌ፣ ልጆቹ ያውቁበታል። የዚህ አገር ሰው የሚያምነው ፈጠን ያለ ወሬ ነው።»

ጽጌ በፊት ፕሌዘንተን በምትባል ከተማ ውስጥ የቢሮ ሕንጻ ማታ ማታ ታጸዳ ነበር፣ ለሰው ተቀጥራ። አምና «ጽጌ ክሊኒንግ» ብላ የራሷን ከፈተች። ከዚያ ዋናው ደንበኛቸው ቢሮውን ዘግቶ ሄደ። አሁን ጽጌ ሳህን እያጠበች፣ ልክ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው፣ «ክረምት ሳይገባ ደንበኛ ካልተገኘ ወደ ማታው ሥራ እመለሳለሁ» ማለት ጀምራለች።

የማታውን ሥራ ሩቲ ታውቀዋለች። ሚድል ስኩል እያለች እሷ ስትገባ እናቷ ትወጣለች። የሚያወሩት ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነበር። «ሩዝ አለ፣ አሙቂው።» «ነገ የሒሳብ ፈተና አለኝ።» «ጎበዝ።» ከገዛ እናትሽ ጋር በወረቀት ማውራት ምን ያህል እንደሚያስጠላ ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁንም አልተናገረችም። «ሜሴጁ በእኔ ስልክ ይሁን» ብቻ አለች። «ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንቺ ሲጠይቁ ብቻ ትመልሻለሽ። ዲል?»

«ዲል። ግን እንደምን ነሽ በያት።»

«"ሃይ" እላታለሁ።»

«"ሃይ" ደግሞ ሰላምታ ነው?»

«እማ!»

የሩቲ ሜሴጅ አጭር ነበር። ሃይ፣ ቤት እናጸዳለን፣ ጎረቤት ነን፣ ፎቶውን እይ። መልስ መምጣት ጀመረ። ሩቲ ተንፈስ ልትል ስትል ግን ሌላ መዓት ወረደ።

አንድ የሳን ሆዜ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ ያልጸዳ ኦቨን አለኝ፣ ትችላላችሁ ወይ ብሎ ጻፈ።

«እንሞክራለን በይው» አለች ጽጌ፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

ሩቲ እንዳለችው «እንሞክራለን» ብላ ጻፈች። ሰውዬው አመስግኖ ጠፋ። ቀጥሎ ሶፋዋ የውሻ ፀጉር የለበሰ ሴትዮ መጣች። «እንሞክራለን።» እሷም ጠፋች።

«እማ፣ ኦቨን ማጽዳት አትችይም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ፊትሽን እስክታይበት ነው የማደርገው!»

«ታዲያ ለምንድን ነው "እንሞክራለን" የምትይው?»

ጽጌና ያለምዘውድ ተያዩ። ልጅቷ ለምን ጫማ እንደሚደረግ የጠየቀች ይመስል።

«ምን ትበል ታዲያ?» አለች ያለምዘውድ። «"እኔን የሚያህል የለም" ትበል? ሰው ራሱን ያሞግሳል?»

«እትዬ ያለም፣ እዚህ አገር ያሞግሳል! ግዴታ ነው! "እንሞክራለን" ማለት "አንችልም፣ ግን አሳዝነንሽ ቅጠሪን" ማለት ነው።»

«ወይ ጉድ» አለች ያለምዘውድ። «እኛ ቤት ግን "እንሞክራለን" ካለሽ አለቀ፣ ተሠራ ማለት ነው።»

በቃ። ሩቲ ሚስጥሩን አገኘችው። ከዚያ በኋላ እናቷ «እንሞክራለን» ባለች ቁጥር እሷ «ኦፍ ኮርስ! ስፔሻሊቲያችን ነው!» ብላ ትጽፋለች፣ «እንዴታ፣ የተካንንበት ነው» እንደማለት፣ ከሚያብረቀርቅ ኮከብ ጋር። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ብትነግራት በኀፍረት ትሞታለች፣ ከመሞቷ በፊት ደግሞ አጥፊው ትላለች። ውሸት ደግሞ አልነበረም። ሄደው ፊት እስኪታይበት ነው የሚሠሩት። ቤቶች መጡ። አንዱ ለሌላው ተናገረ። ጽጌ ሳህን ስታጥብ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ስለ ማታው ሥራም ማውራቷን ተወች።

ዳያን የመጣችው ያኔ ነው።

ዳያን ካምቤል ውስጥ ትልቅ ቤት ያላት ሴትዮ ናት። የወጥ ቤቷ መሥሪያ ጠረጴዛ ነጭ ማርብል፣ እብነ በረድ ነው፣ ላዩ ላይ ሎሚ ፈሶበት የደበዘዘ ክብ ክብ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል። ፎቶውን ልካ፣ ቅዳሜ ብትመጡ ይሄ ይለቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ሥራውን ከወደደችው ሠፈሯን ሁሉ እንደምትጠራላቸውም ጻፈች።

ጽጌ ፎቶውን በጣቶቿ ሰፋ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እ... እንሞክራለን» አለች።

ሩቲ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠች ነበር። ኦፍ ኮርስ። ስፔሻሊቲ። ኮከብ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የእናቷ መኪና ጥግ ይዞ ቆሟል። ጽጌ ስልኳን መሪው ላይ አስደግፋ አንድ ሰውዬ ድንጋይ ሲፈትግ በቪዲዮ እያየች ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የቅዳሜው ማርብል ነዋ። አቼቶ እንደሚበላው አውቃለሁ፣ አላስነካውም። የደበዘዘውን እንዴት እንደሚመልሱት ግን አላውቅም። ይሄ ሰውዬ ዱቄት ነገር አለ ይላል፣ ሱቅ ገብቼ ልይ።»

ሩቲ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «አታውቂም? "እንሞክራለን" አላልሽም?»

«አዎ። እንሞክራለን።»

«ሁልጊዜ እኮ ነው እንሞክራለን የምትይው!»

«ያኛው ሌላ ነው» አለች ጽጌ ረጋ ብላ። «ይሄ እውነተኛው እንሞክራለን ነው።»

«እውነተኛው?! እኔ በምን ልለየው?»

«በድምፄ ነዋ። "እ" ብዬ እኮ ነው የጀመርኩት።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማ! "እ"! አንድ "እ"!»

«ምን ያስጮህሻል? ለሴትየዋ እንደምንሞክር ነግረናታል፣ እያወቀች ነው ዕድሉን የሰጠችን። እንዴት ያለች ቅን ሰው ናት! ካልሆነ ይቅርታ እንጠይቃታለን።» ጽጌ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ግቢ፣ ሱቁ ሳይጨናነቅ።»

ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ጽጌ ወረደች፣ ሩቲ መኪና ውስጥ ቀረች። ስልኳን አወጣች። ዳያን ጽፋለች፣ ከሰዓት በፊት ነው የጻፈችው፣ ሩቲ ክፍል ውስጥ ስለነበረች አላየችውም። ቀጥሬው የነበረውን የድንጋይ ባለሙያ ካንስል አደረግሁት ትላለች። እሑድ እናቴ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ስፔሻሊስት በማግኘቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ።



ሩቲ ነገሩን ሁሉ ለሐኒ ጻፈችላት። ሐኒ አንደኛ ደረጃ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት፣ ምክር የማያልቅባት፣ አንዱም ደህና ያልሆነ።

«ገርል፣ ዝም በያ» ብላ መለሰች ሐኒ። «ከለቀቀ ማን ያውቃል?»

«ካልለቀቀስ?»

«እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አልገባትም ነበር በያት። ሁሉም ሰው ያምንሻል።»

ሩቲ ያን አረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበችው። ሁሉም ሰው በርግጥ ያምናል። ያ ነው ያናደዳት። እናቷ ኦቨኑንም፣ ሶፋውንም፣ ሁሉንም ተረድታ ነበር የመለሰችው። ያልተረዳው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም አሁን ዳሽቦርዱ ላይ እግሩን ሰቅሏል።

እግሯን አወረደች።

ለእናቷ እውነቱን ብትነግራት ዳያን ትሄዳለች። ሠፈሯም ይሄዳል። የፍሪጁ ወረቀት ይመለሳል። ባትነግራት ደግሞ ቅዳሜ እናቷ እዚያ ማርብል ላይ አጎንብሳ ስትፈትግ፣ ሴትየዋ ከኋላ ቆማ የምታየው ሞካሪ ሳይሆን ውሸታም ነው።

ጽጌ ፌስታል አንጠልጥላ ተመለሰች። «አገኘሁት መሰለኝ። አንብቢልኝ እስቲ ምን ይላል።»

«እማ፣ መኪናውን አታስነሺ።»

«ምን ሆንሽ?»

ሩቲ ነገረቻት። አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛው ሲያሳፍራት በአማርኛ። ኦፍ ኮርሱን፣ ስፔሻሊቲውን፣ ኮከቡን ሳይቀር። ጽጌ ፌስታሉን እቅፏ ውስጥ እንደያዘች አዳመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ለሁሉም እንዲህ ነው ያልሻቸው?»

«ለሁሉም። ግን እነሱ ጋ እውነት ነበር እኮ! አንቺ ራስሽ ፊት ይታይበታል ብለሽ...»

«እኔ ላንቺ ነው ያልኩት። ለእነሱ አላልኩም።» ጽጌ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየች። «ስንት ቤት ገብቼ ወጣሁ። ሰዎቹ በር ሲከፍቱልኝ የሚያዩት ሌላ ሴት ነበረቻ። ጉረኛ።»

ሩቲ ስልኳን ከፍታ መጻፍ ጀመረች፣ እየጻፈችም ጮክ ብላ በአማርኛ አነበበችው። «ዳያን፣ የጻፍኩልሽ እኔ ልጇ ነኝ። ስፔሻሊቲያችን ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ አላለችም። እናቴ ማርብል ታጸዳለች፣ የደበዘዘውን መመለስ ግን ሠርታው አታውቅም። ባለሙያውን ዛሬውኑ መልሰሽ ብትጠሪው ይሻላል። ሌላውን ቤት እናጸዳልሻለን፣ ከፈለግሽ።» ቀና አለች። «ትክክል ነው?»

«"ይቅርታ" የሚል የለበትም።»

ሩቲ ጨመረችበት። አውራ ጣቷ ሳታዝዘው ኮከብ አስገባ። አጠፋችው። ላከችው።

ወዲያው ዳያን እየጻፈች መሆኑን የሚያሳዩት ሦስት ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ እንደገና ብቅ አሉ። ሩቲ ከዚያ ስልኩን ለእናቷ አቀበለቻት።

«ምን ላድርገው?»

«መልሱ ሲመጣ አንቺ አንብቢው። ያልገባሽን ጠይቂኝ» አለች ሩቲ። «የጻፈችውን ብቻ ነው የምነግርሽ።»