ግራ እግር

ስታን ዊሮቤክ ዲርቦርን ከተማ ባለው ጋራዡ ውስጥ፣ እንደ ልጅ በሚያሞላቅቃት የ1966 ሞዴል ሙስታንግ መኪናና በመሥሪያ ጠረጴዛው መካከል ተጨፍልቆ ሞቶ ተገኘ። የሞተሩ መክደኛ እንደተከፈተ ነበር። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «መኪናዋ ተንሸራትታ ነው» ብለው ጉዳዩን ሊዘጉ ፈለጉ። መርማሪዋ ዴኒስ ቶሊቨር ግን ዙሪያዋን አየች። ወለሉ ለጥ ያለ ነው፤ ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ ቁልፉ ዞሯል፤ በዚያ የጥር ብርድ የሾፌሩ መስኮት ወርዷል። በዕለቱ ከእሱ ሌላ እዚያ ቤት የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሚስቱ ሎሬይን ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ሮይን ጠይቂው፤ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ነበር። ልጄን ግን ተዪልኝ። እሱንም ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

የፋብሪካ ባልደረባው ሮይ አልካደም። «ካርቡረተሩን አትነካካ አልኩት። መቼ ሰው ይሰማል! የልጁን አዲስ ሙስታንግማ ‹ጎማ ያላት ስልክ› ነበር የሚላት።»

ልጁ ክሬግ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሊል ሞከረ። «የእኔን ከአልጋዬ ሳልወርድ በስልኬ አስነሳታለሁ። የእሱ አሮጊት ስታስል ትውላለች።»

«በዕለቱ ጋራዥ ገብተህ ነበር?»

«ቁልፏን አስነክቶኝ አያውቅም።»

ዴኒስ የጠየቀችው ስለ ቁልፉ አልነበረም።

በማግስቱ ሦስቱንም ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ከመኪናዋ ፊት ያለውን ሁሉ አስነስታ፣ በየተራ «አስነሷት» አለች። ሮይ ገብቶ ተቀመጠ፤ እያወራ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ረገጠ። በአባቷ የጭነት መኪና መንዳት የተማረችው ሎሬይንም እንደዚያው። ክሬግ ግን ማርሹን ደጋግሞ ነካካ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጦ እንኳ ቁልፉን ማዞር አቃተው።

«ማርሽ ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፏ ከዞረ ትዘላለች» አለች ዴኒስ። «እነዚህ ሁለቱ ይህን አይስቱም፤ እግራቸው ሳያስቡት ይረግጣል። ቁልፉን ያዞረው ውጭ ቆሞ በመስኮቱ እጁን ያስገባ ሰው ነው። ሳይገቡ ማስነሳት የለመደ። ክሬግ፣ ያንተ መኪና ሁለት ፔዳል ብቻ ነው ያላት። ፍሪሲዮን ማን አስተማረህ?»

ክሬግ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ይቺው መኪና ናት ያስተማረችኝ፤ ያን ቀን። አባቴ ‹ና፣ አስነሳት፣ እኔ ሞተሩን ላዳምጥ› አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የለመንኩትን ቁልፍ ራሱ ሰጠኝ። ከዚያ ዘለለች። ሞቷል ብዬ ሮጥኩ።»

«አልሞተም ነበር» አለች ዴኒስ፤ ባትናገረው ትወድ ነበር። «ሐኪሙ ቆይቶ ነው ያረፈው ይላል።»

ሎሬይን የመኪናዋን በር ያዘች። «ቆይቶ? እኔ እኮ እዚሁ ግድግዳው ወዲያ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ጠርቶኝ ይሆን?»

ዴኒስ ይዛው ስትወጣ ክሬግ «እማዬ» አለ። ሎሬይን ቀና ብላ አላየችውም።