ንጉሡ ከጥጉ የወጣበት ጨዋታ

ጆንጊ በደረቱ እንደተደፋ ነበር። የመንደሩ ሹም ሬሳውን ማንም እንዳይነካ ስላዘዙ፣ ኢንስፔክተር ቲዮሚናር በማግሥቱ እሑድ ጠዋት በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻግራ ኮረብታው ላይ ካለው ቤት ስትደርስ ሁሉም ነገር እንዳለ ቆያት። ከሟቹ ራስ አጠገብ የሩዝ መውቀጫው ዘነዘና ወድቋል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመስኮቱ ማዶ የቶባ ሐይቅ ጉም ለብሶ ተኝቷል፤ ከታች የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል፤ ሆኖም በዚያ ቀን ለጸሎት የገባ ሰው አልነበረም። መንደርተኛው በሙሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተቆለፈበት የሟቹ ታላቅ ወንድም ቦናር ነው። በሩን የከበቡት ጎረምሶች በየእጃቸው ድንጋይ ይዘዋል።

«የከሰዓቱ ጀልባ ሲመጣ ይዘውት ይሂዱ፤» አሏት ሹሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያ በኋላ እኔ አላስጥለውም። ልጆቹ ደማቸው ፈልቷል።»

«ወንድምየው መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ታዲያ ሌላ ማን ይሆናል? ሁላችንም ኢናንግ ሆትማ መሸታ ቤት ነበርን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆንጊ በኢንተርኔት ቼዝ ከዓለም ኃያላን ጋር የሚጋጠም፣ የደሴቲቱ ኩራት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ ቤቱ ብቻውን ሆኖ ይጫወታል፤ መንደሩ ደግሞ ታች መሸታ ቤት ተሰብስቦ ቱዋኩን፣ ያን የዘንባባ ጠጅ፣ እየተጎነጨ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ይከታተላል። ትናንትም ተጋጣሚው አንድ የጆርጂያ ሰው ነበር፤ እሱም ተሸነፈ። ሰዉ በደስታ ጮኾ፣ አንድ እንስራ ቱዋክ ተሸክሞ «እንኳን ደስ ያለህ» ሊለው ሽቅብ ወጣ። የጠበቃቸው ሬሳ ነው። ጨዋታው አልቆ እነሱ እስኪደርሱ ባለው ጊዜ ከመሸታ ቤቱ ውጭ የነበረው ቦናር ብቻ ሲሆን፣ ጀልባውን ከኮረብታው ግርጌ ሲያስር ታይቷል። በዚያው ዕለት ጠዋት ደግሞ ወንድማማቾቹ ሰው ፊት ተጣልተው ነበር።

ቲዮሚናር ወደ ደጅ ወጥታ ግቢውን ቃኘች። ሰሌን ላይ የተሰጣው ሩዝ በውኃ ርሶ ተጣብቋል። ጎንበስ ብላ እፍኝ ዘገነች።

«ዝናቡ መቼ ነው የጣለው?»

«ጨዋታው ሳይጀመር። ሰዉ ሁሉ ሩዙን ሊያስገባ ሲራወጥ ነበር፤ ከዚያ ነው መሸታ ቤት የተሰበሰብነው።»

«ሁላችሁም አስገባችሁ?»

«እንዴ፣ እየዘነበ ዝም ይባላል?» ሹሙ ጥያቄው የከተማ ሰው ጥያቄ ሆኖባቸው ፈገግ አሉ። እሷ ግን እፍኟ ውስጥ ያለውን እርጥብ ሩዝ አየች።

የጆንጊ እናት፣ መንደሩ ኢናንግ፣ እማማ፣ የሚላቸው ቲዩርላን፣ ቅዳሜን የዋሉት ማዶ መንደር ሠርግ ላይ ነበር። አሁን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የቀዘቀዘ አመድ ይቆሰቁሳሉ። ቲዮሚናርን ሲያዩ እጅጌዋን ጨምድደው ያዙ።

«አንዱ ሞተብኝ። ሁለተኛውን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው ልጄ?»

«እውነቱን ላወጣ ነው የመጣሁት፣ ኢናንግ።»

«ቦናር አፉ ነው እንጂ ሆዱ ባዶ ነው። ‹እኔ ስቆፍር አንተ የእንጨት ፈረስ ትጋልባለህ› እያለ ይጮኽበታል። እራት ሲቀርብ ግን ትልቁን ዓሣ ማን ሳህን ላይ እንደሚያደርገው እኔ ነኝ የማውቅ። ቼዙንማ ተዪው፣ ፈረሱ በየት በኩል እንደሚዘል እንኳ አያውቅም።»

«ጆንጊ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር። ጃካርታ ያለ አንድ ትልቅ አሠልጣኝ ተቀብሎት። ‹ለቼዝ አስተማሪዬ ለጉሩ ሳሃላ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ፤ ከሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ› አለኝ። ጨዋ ነበር ልጄ፤ ሰው ማስቀየም አይወድም።» ቲዮሚናር እጃቸውን ይዛ ትንሽ ተቀመጠች።

መሸታ ቤቱ ጭር ብሏል። ጆንጊ ባይኖር በቼዝ የመንደሩ አንደኛ ይሆን የነበረው ወጣቱ ፓርሊን ከእንጨት ሰሌዳው ፊት ተቀምጧል። ጥጉ ላይ ኦምፑ ማንጋሲ፣ የመንደሩ አዛውንት፣ ምርኩዛቸውን ታቅፈው ያንቀላፋሉ።

«እኔን ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም እህቴ፤» አለ ፓርሊን። «ስንቴ ገድሎኛል፤ አንዴ ብገድለው ምን ነበረበት? በሰሌዳ ነው የምልሽ።» ቀልዱ አፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አጨዋወቱ እንዴት ነበር?»

«እሳት ነበራ! ገና ሲጀምር ንጉሥሽን ፍለጋ ነው የሚመጣው። ፈረስ ይሰዋል፣ ግንብ ይሰዋል፤ ቁጭ ብለሽ ሳትደላደዪ አልቆልሽ ታገኚዋለሽ።»

«ድክመቱስ?»

ፓርሊን ሙት ማማት መስሎት አመነታ። «ማብቂያው ላይ ነው። ንግሥቶቹ ከሰሌዳው ከወጡ በኋላ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለውም። በስተመጨረሻ ንጉሡ ራሱ ወጥቶ መሥራት አለበት፤ እሱ ግን ጥግ ላይ አስቀምጦ ይረሳዋል። ከዚያ ይቸኩላል፣ ያበላሻል። ጉሩ ሳሃላ ስንት ዓመት ለፈለፉበት መሰለሽ!»

«ትናንትስ?»

«ትናንትማ ጉድ ነው! ንግሥቶቹን ራሱ ፈልጎ አስለወጠ። ከዚያ ንጉሡን ከጥጉ አውጥቶ መሃል ሜዳ ድረስ በእግሩ አመጣው። እኔ እዚህ ሰሌዳ ላይ ለሰዉ እየደገምኩ ነበር።»

«አንድ ቦታ ላይ ግን አለቀለት ብዬ ነበር፤» አሉ ኦምፑ ማንጋሲ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የጆርጂያው ወታደር ሊነግሥ ተቃርቧል፤ ልጁ ዝም። አሁንም ዝም። በቃ ጮኽኩ፤ ‹ግንቡን ከኋላው! ከወታደሩ ኋላ!› ብዬ። ወዲያው አደረገው።» ድድ በድድ ሆነው ሳቁ። «እዚያ ኮረብታ ላይ ሆኖ የሰማኝ ይመስል!»

ቲዮሚናር ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም። አባቷ በሰው ጨዋታ አፋቸውን እያስገቡ ከየመሸታ ቤቱ የተባረሩ ሰው ነበሩ። ከዳር የሚጮኽ ሽማግሌ ስንት ጨዋታ እንደሚያድን፣ ስንት ጠብም እንደሚያስነሳ ከልጅነቷ ታውቃለች።

«ጉሩ ሳሃላ ትናንት የት ነበር የተቀመጡት?»

«ሁልጊዜማ ከቴሌቪዥኑ ሥር ናቸው፤» አለ ፓርሊን። «ትናንት ግን ራሴን አሞኛል ብለው ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ ተቀመጡ። ስልካቸውን ሲነካኩ ነበር፤ ማን የማይነካካ አለ?»

ጉሩ ሳሃላ ቤታቸው ለቤተ ክርስቲያን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ስለ ተማሪያቸው ስትጠይቃቸው ሐኪም ስለ በሽተኛው እንደሚያወራ ይዘረዝሩ ጀመር፤ ቸኩሎ መሠዋቱን፣ ንግሥት መለወጥ መፍራቱን፣ ጥግ ላይ የሚቀረውን ንጉሡን።

«ተሰጥዖ ነበረው። ተሰጥዖ ብቻውን ግን ገደል ይሰዳል ብዬ ዕድሜ ልኬን ነገርኩት። ትናንት ገና ሰማኝ። ያን ማብቂያ አየሽው ወይ? የእኔ እጅ ያለበት ነው። መንደሩም አይቶታል።»

«ቅዳሜ አግኝተውት ነበር?»

«አላገኘሁትም።»

«ስለ ጃካርታው አሠልጣኝም አልነገረዎትም?»

«ምን ጃካርታ?» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ቲዮሚናርን ያስፈራት ዓይናቸው ነው። ተማሪው የሞተበት ሰው ዓይን እንዲያ ሲያበራ አይታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጀልባው ከሐይቁ መሃል ጥሩንባውን ሲነፋ፣ ቲዮሚናር ሁሉንም መሸታ ቤት ሰበሰበቻቸው። ቦናር እጁን ታስሮ ገባ፤ ግንባሩ ላይ ድንጋይ ያገኘው ቦታ አብጧል። እናቱ አጠገቡ ቆሙ። ጎረምሶቹ ድንጋያቸውን እንደያዙ በሩን ዘጉት። ኢናንግ ሆትማ እንኳ ያን ቀን አንድ ብርጭቆ አልቀዳችም።

«ጆንጊ የሞተው ከጨዋታው በኋላ አይደለም፤» አለች ቲዮሚናር። «ሳይጀመር ነው።»

«ስትቀልጂ! ሲጫወት ሁላችንም አይተነዋል!» አለ አንዱ ጎረምሳ ከበሩ።

«እሱን አይደለም ያያችሁት፤ ስሙን ነው። ዝናቡ ሲጥል ሁላችሁም ሮጣችሁ ሩዛችሁን አስገባችሁ። ጆንጊ ቤት ነበር፤ ጨዋታውም ገና ነው። የእናቱ ሩዝ ግን ግቢው ውስጥ ራሰ። በሕይወት እያለ የእናቱን ሩዝ ዝናብ የሚያስመታ ልጅ እዚህ መንደር አለ?»

ሁሉም ትናንት እነዚያን ሰሌኖች ረግጠው ነው የገቡት፤ ሁሉም አይተዋል። ሹሙ አንገታቸውን ደፉ።

«ታዲያ ማን ተጫወተ?» አለ ፓርሊን።

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ጆንጊ ንግሥት አይለውጥም፤ ትናንት አስለወጠ። ንጉሡን ከጥጉ አያወጣም፤ ትናንት አወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ያልተሻሻለ ሰው በአንድ ቀን ተሻሻለ። አንድ ሌላ ሰው በስሙ ገብቶ፣ መጀመሪያ እንደ እሱ ሊጫወት ሞክሮ፣ ማብቂያው ላይ መታገሥ አልቻለም፤ የራሱን ጨዋታ ተጫወተ። ቦናር እንዳይሆን ፈረሱ በየት እንደሚዘል አያውቅም።»

«ከዚህ መንደር የጆርጂያውን ሰው የሚያሸንፍ…» ፓርሊን ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።

«አንተ ወይ ጉሩ። አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ እያየህ ሰሌዳው ላይ እጅህን ይዘህ ነበር። ያ ተጫዋች ኮረብታው ላይ አልነበረም፤ እዚህ ቤት ውስጥ ነበር። ጨንቆት ዝም ባለ ጊዜ ኦምፑ ማንጋሲ ጮኹለት፤ ወዲያውም ያሉትን አደረገ። የኦምፑ ድምፅ ኮረብታው ላይ አይሰማም፤ ከኋላ ግድግዳው ጋ ግን ይሰማል። የጆንጊን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ናቸው፤» አለ ፓርሊን ቀስ ብሎ። «ጨዋታዎቹን የሚመረምሩለት እሳቸው ናቸው።»

አንገት ሁሉ ወደ ጉሩ ሳሃላ ዞረ። እሳቸው የሸሚዛቸውን እጅጌ አስተካከሉ።

«የልጅ ወሬ ነው። የመሸታ ቤት ጩኸት ማስረጃ ይሆናል?»

«እውነትዎን ነው፤» አለች ቲዮሚናር፤ ድምፅዋ ድንገት ቀዝቀዝ አለ። «ለነገሩ እንደተወራለት ጨዋታም አልነበረም። ሽማግሌው ባይጮኹለት ተሸንፎ ነበር እኮ። የተጫወተው ሰው ማብቂያ አያውቅም፤ ግንቡ የት እንዳለ እንኳ አላየውም።»

«ማነው ያላየው?» ጉሩ ሳሃላ ብድግ አሉ። «እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ አይቼዋለሁ! እያሰላሁ ነበር እንጂ!»

ጉሩ ሳሃላ የተናገሩትን ራሳቸው ዘግይተው ሰሙት። ቀስ ብለው ተቀመጡና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቀትር ላይ ቤቱ ሄድኩ፤» አሉ። «ወደ ጃካርታ ልሄድ ነው አለኝ። ማብቂያውን ሳትማር የት ትሄዳለህ አልኩት። ‹ጉሩ፣ እርስዎ የሰው ድክመት ያውቃሉ፤ ራስዎ ግን አንድም ቀን አሸንፈው አያውቁም› አለኝ። ሊሰድበኝ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። ማዘኑን ነው ያልቻልኩት። ዞር ሲል ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር። ከዚያ በሕይወት ያለ እንዲመስል በስሙ ገብቼ ተጫወትኩ።»

«ጆንጊ እንደሚሸነፈው ቢሸነፉ ኖሮ ማንም ባልጠረጠረዎት ነበር።»

«መንደሩ በሙሉ እያየ?» አሉ ጉሩ ሳሃላ፤ ከልባቸው ተገርመው። «እንዴት ብዬ ልሸነፍ?»

ኢናንግ ቲዩርላን አልጮኹም፣ አልተራገሙም። የቦናርን እጅ በገዛ ጥርሳቸው ፈቱት፤ ሊያግዟቸው የቀረቡትን ሹም በክርናቸው ገፏቸው። ጎረምሶቹ ከበሩ ገለል አሉ፤ ድንጋዩን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። ቦናር በመሃላቸው ሲያልፍ ማንንም አላየም።

ቲዮሚናር ጉሩ ሳሃላን ጀልባው ላይ አሳፍራ እሷም ልትገባ ስትል እናትየው ከኋላዋ መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጨረሻው ላይ ደካማ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

ቲዮሚናር ልትዋሽላቸው አሰበችና ተወችው። «ይቸኩል ነበር፣ ኢናንግ።»

«ሲወለድም እንዲሁ ነው። አዋላጇ እስክትደርስ አልጠበቀም።» አሮጊቷ ሽቅብ ወደ ኮረብታው አዩ። ቦናር ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ የራሰውን ሩዝ እፍኝ በእፍኝ ከሰሌኑ ያነሳ ነበር። «አይሆንም እኮ፤ በስብሷል፤» አሉ እናቱ፤ ሊያግዙትም ወጡ።