እንዳይድን የተለመነ ቁስል

«ቆይ ቆይ... ይሄ የቀቡበት ነገር ምንድን ነው?»

«ኮላ ነው።»

«ምን?»

«ኮላ። እንጨት የምናጣብቅበት።» አናጺው ግራ እጁን እንደ ያዘ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እንጨት ሲሰነጠቅ ኮላ ቀብተን ጥርቅም አድርገን እናስረዋለን፤ ሲያድር አንድ ይሆናል። መሮው መዳፌን ሲሰነጥቀው እኔም...»

«እርስዎ ወንበር ነዎት?»

ከቁስል ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። አናጺውም አብሮ ሳቀ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ ወይም የሳቀችውን ጭምብሏ ሸፈነላት።

ይህችን ነርስ በሽተኞቹ «ሲስተር ሳሙና» ነው የሚሏት። በክፋት አይደለም። እሷ ክፍል የሚገባ ሁሉ፣ በሽተኛም ሆነ አስታማሚ፣ ዶክተርም ቢሆን፣ በሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ እጁን ሳይታጠብ አያልፍም። አንድ ጊዜ የሆስፒታሉን ዳይሬክተር እንኳ ከደጅ መልሳዋለች ይባላል። «ጌታዬ፣ ጀርም ማዕረግ አያውቅም» አለችው አሉ። ሌላም ልማድ አላት፤ በሽተኛን ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ጎረምሳ፣ «እርስዎ» ነው የምትለው። አንቱታ ለእሷ ሁለተኛ ጓንት ነበር።

ያን ኮላ ከመዳፉ ለማስለቀቅ ብዙ ደከመች። ለብ ባለ ውሃ እያራሰች፣ በጥንቃቄ እየፋቀች፣ ቀስ በቀስ አነሳችው። እሱ አንዴም «ኡፍ» አላለም። ይልቅ ሲያመው ቀልድ ያወራ ነበር። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ላይ ደቃቅ ሰጋቱራ ተቀምጦ ነበርና፣ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ብን ይላል። ይህን ለምን እንዳስተዋለች ለራሷም አልገባትም።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለችው ፋሻውን ስትቋጭ። «ውሃ እንዳይነካው። ሰጋቱራ እንዳይገባበት። ክኒኑን ደግሞ ቢሻልዎትም እስከ መጨረሻው ይውጡት። ግማሽ መንገድ ላይ ከተዉት የደከመው ጀርም ጉልበት ገዝቶ ይመለሳል። ገባዎት?»

«ገባኝ፣ ሲስተር።» ከበሩ ደርሶ ዞር አለ። «ሁሌም አንቺ ነሽ የምትቀይሪልኝ?»

«አዎ። ምነው?»

«ኧረ ምንም! ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየዘለለ መጣ። ሲመጣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ የተበጠረ ነው። ቁስል የሚታሸግለት ሳይሆን ሥራ ለመቀጠር የመጣ ይመስላል። ስለ ደንበኞቹ ያወራላታል፤ አልጋ አሠርታ በሩ ጠቦ ስላላስገባላት ሴትዮ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲለካ ስለ ተቆለፈበት ጓደኛው። እሷም ቀኑ እሱ የሚመጣበት ሲሆን ማለዳ ስትነሳ ፊቷ ይፈካ ጀመር። ታዲያ ፊቷን በጭምብል ሸፍና ከንፈሯን ለምን እንደምትቀባ ማን ይጠይቃታል?

አንድ ቀን የዚያን የቁምሳጥን ታሪክ ሲጨርስላት ሳቋ አምልጧት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ቁስሉን አየችው፤ ሥጋው ቀይ ሆኖ እየሞላ ነበር።

«በጣም ጥሩ ነው! አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ መምጣት አያስፈልግዎትም።»

«አያስፈልገኝም?»

«ድነዋል እኮ!»

«አዎ... ጎሽ... እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ፊቱ ግን መርዶ እንደ ሰማ ሰው ጠቆረ። እሷም እሱ ከወጣ በኋላ ባዶውን ወንበር ትንሽ ስታየው ቆየች።

በቀጠሮው ቀን አልመጣም። በማግስቱ መጣ፤ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ። ፋሻውን ስትፈታው ሽታው ቀድሞ ነገራት። መዳፉ አብጦ ተወጥሯል፤ ከእጅ አንጓው ወደ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል።

«ክኒኑን ውጠውታል?»

አናጺው መሬት መሬት እያየ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ወዲያው አስተኙት። መግሉ ተከፍቶ ወጣ፤ መድኃኒት በደም ሥሩ ተጀመረለት። ዶክተሩ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ጅማቱ ከዘለቀ ጣቶቹ ላይታጠፉ ይችላሉ» አለ። ጣቱ የማይታጠፍ አናጺ ምን ይሆናል? እናቱ የሚጦሩት በዚያ እጅ ነው።

ዋና ነርሷን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲስተር ሳሙናን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ልጄ፣ ሊድን የደረሰ ቁስል እንዲህ ሲሆን ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ያሸገው ሰው ከክፍሉ ይነሳል፤ እስኪጣራ።»

«ቅጣት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ወደ መሣሪያ ማምከኛ ክፍል ተዛወረች። እዚያ መቀስና መቆንጠጫ እያጠበች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች፣ በእንፋሎት እያመከነች ትውላለች። ሥራው አልከበዳትም። የከበዳት ሐሳቡ ነው። ያን ቀን፣ ያ ሳቅ ሲያመልጣት፣ እንባዋን ለመጥረግ ጭምብሏን በጓንቷ ነክታ ነበር? ከነካች ጓንቱን ቀይራለች? ብታስብ ብታስብ ልታስታውስ አልቻለችም። የሰውን ሁሉ እጅ ስታስታጥብ የኖረች ሴት የገዛ እጇን ማመን አቃታት! «ዓይን ዓይኑን ሳይ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች ለራሷ። ስለዚህ ልቧን ቀጣችው። አንድ ቀን እሱ በተኛበት ክፍል መስኮት ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ፊቷን አዙራ በሩጫ አለፈች።

አናጺው ግን ሌላ ነገር ተረዳ። «ተጸየፈችኝ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ምግቡንም ተወው።

ክፍሉን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ አፏ ከመወልወያዋ ይፈጥናል። «ምነው ምግብህን ተውከው?» አለችው።

«ያቺ ነርስ የት ገባች? ፋሻ የሚቀይርልኝ ሌላ ሰው ነው።»

«ውይ፣ አልሰማህም? በአንተ እጅ ሰበብ እኮ ከክፍሏ ተነሳች! እሷ ናት ያመረቀዘችበት እየተባለ ነው። ምስኪን... ማምከኛው ክፍል ቆማ ስታለቅስ አይቻታለሁ።»

አናጺው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳ።

ነርሶቹ የጠዋት ስብሰባቸው ላይ ነበሩ። እሷም ከኋላ ጥግ ይዛ ቆማለች። በሩ ተንኳኳና የበሽተኛ ልብስ የለበሰ፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያውን በደህና እጁ እየገፋ፣ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ ሰው ገባ።

«አንተ! ከአልጋህ ማን ተነሳ አለህ?» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ ይቅርታ... እሷ ምንም አላጠፋችም። ክኒኑን አልዋጥኩትም። ፋሻውንም የፈታሁት እኔ ነኝ። ቁስሉን ከፍቼ ሥራ ገባሁ፤ ሰጋቱራ ውስጥ።»

«ለምን?»

«እንዳይድን ብዬ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው ቁስሉ እንዳይድን የሚፈልገው?»

ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ማንንም አላየም። «ከዳነማ... እዚህ ምን ብዬ እመጣለሁ?» አለ። «ትንሽ እንዲዘገይ ነበር ያሰብኩት። እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ ኋላ፣ ወደ ጥጉ ዞረ።

«አንተ ልጅ!» አለች እትዬ፣ መቆጣትም መሳቅም አቅቷት። «ሰው ሴት ሲወድ እኮ አበባ ይዞ ይመጣል፤ መግል ይዞ አይመጣም! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚህ ሰው ዝምታ ግን መግል ያዘ።

ነርሷ ከክፍሉ ወጣች። እሱም ማንጠልጠያውን እያንኳኳ ተከተላት። ኮሪደሩ መሐል ላይ ድንገት ዞረችበት።

«አንተ!» አለችው። «እኔ እኮ እጄን ጠላሁት! ይገባሃል? ሳጥበው ይቀፈኝ ነበር! ጀርሙ ወደ ደምህ ቢገባስ? ብትሞትስ? እናትህን ምን ልላቸው ነበር? ‹ልጅዎን ገደልኩት› ልበላቸው?» እንባዋ ጭምብሏን አራሰው።

«ጥፋተኛ ነኝ» አለ። «የምለው የለኝም።» በቀስታም ጨመረ፣ «ግን... አሁን አንተ አልሽኝ።»

«ስለ ተናደድኩ ነው!»

«ይሁን። ተናደጂብኝ። ፊትሽን ብቻ አታዙሪብኝ።»

ዞራ ሄደች።

በማግስቱ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ እጁንም ራሷ ማሸግ ጀመረች። ግን «እርስዎ» ተመልሶ መጣ፤ ከድሮውም ወፍሮ።

«እጅዎን ያቅርቡ።»

«አንተ ብለሽ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ክኒንዎን ዋጡ?»

«ዋጥኩ። እትዬ ፊት ነው የዋጥኩት። እንደ ሕፃን ምላሴን አውጥቼ አሳይቻታለሁ።»

አልሳቀችም። እንዳልሳቀች ለማሳየትም ፋሻውን ጠበቅ አደረገችው።

የልቧን ድንጋይ ያነቃነቁት እናቱ ናቸው። አንድ ቀን ሊጠይቁት መጡና ማንም ሳያዛቸው ከቧንቧው እጃቸውን ታጥበው ገቡ። አዩዋትና አወቋት።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አሏት። «ልጄ፣ እኔ የወለድኩት አናጺ ነው፤ እብድ አልወለድኩም። እዚህ ቤት መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ነው ያበደው። መዳፉን ገልጦ እያየ ‹ቀስ በል፣ አትቸኩል፣ እባክህ› ሲለው ሰምቼዋለሁ። እኔ ሞኟ ሕመሙን የሚያባብል መስሎኝ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ለካ ቁስሉን እየለመነው ኖሯል!»

ነርሷ የያዘችውን ፋሻ አስቀመጠች። ማንም ሰው ለእሷ ብሎ ምንም ነገር ለምኖ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ የቂል ልመና እንኳ።

«አጥፍቷል» አሉ እናቱ። «አልደብቅሽም፤ እኔም ቀጥቼዋለሁ። ግን ልቡ ውሸት አያውቅም። ያወቀው አሁን ነው፤ አልሆነለትምም።»

እጁ እያደር ዳነ። ዶክተሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሳጠፈው። አውራ ጣት ታዘዘ፤ ሌሎቹም ታዘዙ። ትንሿ ጣት ግን ግማሽ ድረስ መጥታ ቆመች። ቢገፏት አልሄደችም። «ይህችኛዋ እንዲሁ ትቀራለች» አለ ዶክተሩ። «መጋዙን ግን ትይዛለህ። ዕድለኛ ነህ።»

በመጨረሻው ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈታች፤ አዲስ ፋሻ ግን አላነሳችም። መዳፉ ላይ ወፍራም ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱም አዩት።

«ጨረስን» አለች።

«ጨረስን» አለ እሱም። አልተነሳም።

«ከእንግዲህ እዚህ ክፍል እንዳትመጣ።»

ቀና ብሎ አያት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እዚህ የሚመጣ የታመመ ሰው ነው» አለች። ጓንቷን አወለቀች፤ ጭምብሏንም ወደ አገጯ አወረደች። ፊቷን ሙሉ ያየው ያን ጊዜ ነው። «እኔ ከሥራ ስወጣ ግን... በዋናው በር በኩል ነው የምወጣው።»

ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ከክፍሏ እንደ ወጣ ወደ ቤቱም አልሄደም። ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «እኔ ነኝ ያመረቀዝኩብህ ብዬ ያሰብኩት እንዲያው አልነበረም። ያን ቀን ስስቅ፣ አንተን ሳይ፣ እጄ የት እንደ ነበር አላስታውስም። አንተን መውደዴ ነው የጎዳህ ብዬ ነበር።»

መራመዱን አቆመ። «መውደዴ?»

«አትጩህ፣ ሰው ይሰማል!»

«እኔ እምቢ ትይኛለሽ ብዬ እኮ ነው አፌን የዘጋሁት። ፈርቼ ነው! ብጠይቅሽና እምቢ ብትዪኝ መምጫ አይኖረኝም ብዬ...»

«እሺ ነበር የምልህ።»

«መቼ?»

«ሁለተኛ ስትመጣ። ያን ሸሚዝ ለብሰህ ስትመጣ። ያኔ ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር።»

አናጺው ግራ እጁን አነሳና አየው፤ ጠባሳውን፣ የማትታጠፈውን ትንሽ ጣት። ያ ሁሉ ትኩሳት፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ የእሷ እንባ፣ የእናቱ ለቅሶ... ለአንዲት ጥያቄ። ልታጽናናው ስትል ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ እንባው ወረደ።

እሷ ያቺን ትንሽ ጣት ያዘቻት። ያለ ጓንት ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ታዲያ አሁን ጠይቀኛ!» አለችው።

ጠየቃት። እሷም እሺ አለች።